ድመቱ ያጠፋው ሰርግ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የባንክ ሠራተኞች ብቻ ናቸው፤ ለቀረው ሰው ሁሉ ድመቱ ነው። ስሙን ያወጣለት አንድ የአዳራሽ ዘበኛ ነው። ሰባት ሰዓት ሙሉ ካሜራ ተሸክሞ በእንግዳ መሀል ሲሽሎከለክ፣ አንድ ወንበር ሳይነካ፣ አንዲት ብርጭቆ ሳያንኳኳ ሲጨርስ አየና፣ «ይሄስ ሰው አይደለም፣ ድመት ነው» አለ። ስሙ እዚያው ተጣበቀ። እሱም አልተቀየመም፤ ለሰርግ ካሜራማን ከዚህ የተሻለ ምስጋና ከየት ይመጣል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ከካሜራው ክብደት የተነሳ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ስቱዲዮው ከጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ደንበኛ የሚቀመጥበት ሶፋ፣ ናሙና የሚታይበት ሰፊ ቴሌቪዥን፣ ጥግ ላይ ኮምፒዩተር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሚስቁ ሙሽሮች። ከነዚያ ከሚስቁት ስንቶቹ እንደተፋቱ ያውቃል፤ ፎቶአቸውን ግን አያወርድም። «ያን ዕለት የሳቁት እውነት ነው» ይላል።

አንድ ሕግ ነበረው። «እኔ ዓይን ነኝ እንጂ አፍ አይደለሁም» ይል ነበር። ሰርግ ቤት የማይታይ ነገር የለም፤ ዕቃ ቤት ገብቶ የሚያለቅስ ሚዜ፣ መኪና ውስጥ በጥፊ የሚማቱ እህትማማቾች፣ ልጁን በድሮ ዕዳ የሚለውጥ አባት። ከዚህ ሁሉ አንዲቷን እንኳ ለሚስቱ አውርቶ አያውቅም። ባለሰርጉ አሳይ ያለውን ያሳያል፣ ቁረጥ ያለውን ይቆርጣል። በዚህም ይኮራ ነበር።

ብረት ነጋዴው ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር የመጡት አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰፊ ደረት ያላቸው፣ ሲናገሩ ከፊታቸው ያለውን ሰው ሳይሆን ከሱ ኋላ ያለውን ግድግዳ የሚያዩ ሰው ነበሩ።

«ስንት ካሜራ ነው የምታቀርበው?» አሉ።

«ሁለት። አንዱ ቋሚ፣ አንዱ በእጄ።»

«ሦስት ይሁን። የጎረቤቴ ልጅ ሰርግ ሁለት ነበር።»

ድመቱ ሦስት ብሎ ጻፈ። ነጋዴው ማን ማን መቀረጽ እንዳለበት፣ የትኛው ጠረጴዛ ጋ ረዘም ተደርጎ መቆም እንዳለበት ዘረዘሩ። ሙሽራዋ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የሒሳብ አስተማሪ ናት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀረጻውን እያዘገየ ሰዉ ሁሉ በውሃ ውስጥ እንደሚሄድ እንዳያስመስለው። «እኔ ስራመድ እንደራሴ ልራመድ» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። እናትየው ሶፋው ጫፍ ላይ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ባልየው አንድ ጊዜ ዞር ብለው «አንቺስ?» አሏቸውና፣ መልስ ሳይጠብቁ «ለሷ ሁሉም ደህና ነው» ብለው ውሉን ፈረሙ።

በማግስቱ እናትየው ብቻቸውን ተመለሱ። ደረጃውን ሲወጡ ሦስት ጊዜ ማረፋቸውን ድመቱ ከላይ ሆኖ ሰምቷል። ራሳቸውን በሻሽ ጠበቅ አድርገው አስረዋል።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው» አሉት።

«ምን ልታዘዝ?»

«ጠዋት ልጄን ስናለብሳት፣ ካሜራህን እኔም ላይ ትንሽ ቆም አድርገው። ከሷ ጋር።»

«ያለ እናት ምን ሰርግ አለ? በደንብ ነው የማነሳዎት።»

«ሁሉም እንዲህ ይላል» አሉ እናትየው። «በኋላ ሲታይ ግን እናት ጀርባዋ ነው የሚታየው፤ ሳህን ይዛ ስትሄድ።»

ድመቱ ሳቀ፤ እውነት ስለሆነ። እሳቸው አልሳቁም። ቃል ገባላቸው።

የሰርጉ ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቤታቸው ደረሰ። ቃሉንም ጠበቀ። እናት የልጃቸውን ቀሚስ ከኋላ ሲቆልፉ፣ ጫማዋን ሲያስተካክሉ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ብስኩት ለሁለት ሲካፈሉ ቀረጸ። ሙሽራዋ ደግሞ እናቷ ለካሜራው ጥቂት ቃል እንዲናገሩላት ስለፈለገች፣ ትንሿን ማይክ ኮሌታቸው ላይ ሰካላቸው። ተናገሩ፣ ተረበሹ፣ እንደገና ተናገሩ።

ሙሽራው ይመጣል የተባለው አራት ሰዓት ላይ ነበር። አምስት ሰዓት ሆነ። ስልክ ቢደወል አይነሳም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አንደኛ ሚዜው ብቻውን፣ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ መጣና ከሳሎኑ በር አላልፍ አለ። «አይመጣም» አለ። «ሌሊቱን ከከተማ ወጥቷል። መልእክት ብቻ ነው የተወልኝ፤ ምክንያቱንም አልጻፈም።»

አባትየው ወደ ልጃቸው ክፍል ገቡ። ሙሽራዋን ያስዋበቻት ሴትና ሁለት የአክስት ልጆች እዚያው ቆመው ነበር። «ምን አድርገሽው ነው?» ብለው ጮኹባት። «ሦስት መቶ ሰው አዳራሽ ቁጭ ብሏል። በማን ፊት ነው የምቆመው?» ሙሽራዋ እናቷን አየቻቸው። እናትየው ከቁም ሣጥኑ አጠገብ እንደቆሙ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ባላቸውን በእጃቸው ወደ ውስጠኛው መኝታ ቤት ጠቆሟቸው፤ ሁለቱም ገብተው በሩን ዘጉ።

ማይኩ አሁንም ኮሌታቸው ላይ ነበር። ማዳመጫው ደግሞ ድመቱ ጆሮ ላይ። ጨዋ ሰው ያን ጊዜ ያወልቀዋል። እሱ አላወለቀውም።

«አዋረደችኝ» አሉ አባትየው። «ያበላሸሻት አንቺ ነሽ።»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ» አሉ እናትየው። የሚያውቀው ድምፅ አልነበረም፤ ቀጭን ግን የማይንቀጠቀጥ ድምፅ ነበር። «ሃያ ስምንት ዓመት ዝም ያልኩት በኔ ላይ ስለመጣህ ነው። ዛሬ በሷ ላይ ነው የመጣኸው። ያን በር ከፍተህ አንዲት ክፉ ቃል ብትናገራት፣ ይዣት እወጣለሁ። የቀረኝን ጊዜ ካንተ ጋር አላሳልፈውም።»

«የቀረኝ ስትይ ምን ማለትሽ ነው?»

«ሐኪሙ ያለኝን ነው የምልህ።»

ከዚያ በኋላ የልብስ መተሻሸት ብቻ ተሰማ። ድመቱ ማዳመጫውን ያን ጊዜ አወለቀ።

አባትየው ወጥተው ማንንም ሳያዩ በጓሮ በር ሄዱ። እናትየው ልጃቸው አጠገብ መጥተው፣ «ነይ፣ ልብሱን እናውልቀው» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ሙሽራዋ ያየችው ይህን ብቻ ነው፤ አባቷ ሲጮሁባት፣ እናቷ ሲቆሙ።

ማክሰኞ ጠዋት ነጋዴው ስቱዲዮው ደረሱ። አልተቀመጡም።

«ያነሳኸውን ሁሉ አጥፋው። እዚሁ፣ እያየሁ።»

ድመቱ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። እናትየው የጠየቁት ነገር ትዝ አለው። «ምናልባት ባለቤትዎ የጠዋቱን...» ብሎ ጀመረ።

«የተዋዋልከው ከማን ጋር ነው?»

«ከርስዎ ጋር።»

«እንግዲያስ።»

ሦስቱን ካርዶች አንድ በአንድ ባዶ አደረጋቸው። ለመጠባበቂያ የገለበጠውንም አጠፋ። በሙያው ያሉ ሌሎች ቢሆኑ አንዱን ደብቀው «አለቀ» ይሉ ነበር፤ እሱ ግን ሰው ዓይን እያየ መዋሸት አይሆንለትም። «ሌላ ቦታ የለም?» ሲሉት «የለም» አለ፤ በእውነትም አልነበረም። ያን ቀን ራሱን እንደ ታማኝ ሰው ቆጠረ።

ዓርብ ዕለት እናትየው ደወሉ።

«ጠፋ እንዴ?» አሉት።

«አዎ እመቤቴ። ባለቤትዎ መጥተው...»

«አንተ ምን ታደርግ፤ የታዘዝከውን ነው። ልጄ አክስቷ ጋ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ተቀይማኛለች። አንድ ቃል ሳትናገሪልኝ ቀረሽ ትላለች። ከሷ ጋር ያነሳኸኝ፣ ጥሩ ወጥቶ ነበር?»

«በጣም ጥሩ ነበር።»

«ደግ ነው» አሉ እናትየው። «ደህና ዋል፣ ወንድሜ።»

ድመቱ ስልኩን ይዞ ቆየ። እኔ ሰምቻለሁ፣ ምን እንዳሉላት አውቃለሁ ማለት ይችል ነበር። ግን በተዘጋ በር የተባለን ነገር መስማቱን እንዴት ብሎ ያምናል? ሥራ አለብኝ ብሎ ራሱን አሳመነና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እናትየው በአምስተኛው ወር ሞቱ። ድመቱ የሰማው ከዚያው ስም ካወጣለት ዘበኛ አፍ ነው። ቀብር አልሄደም።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ቆይቶ አንድ ረቡዕ ልጂቱ ደረጃውን ወጥታ መጣች። ከስታለች። ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ድመቱ መጀመሪያ አላወቃትም፤ ሰው ሙሽራ ሲሆንና ሳይሆን ሁለት ሰው ነው። ስትናገር ግን አወቃት።

«እንደጠፋ አውቃለሁ» አለችው። «ስለሱ አልመጣሁም። እናቴን መጨረሻ ላይ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያስታመምኳት። ድምፅዋ አይወጣም ነበር። አንድ ቀን፣ ‹ካሜራማኑ አይቶናል፣ ጠይቂው› አለችኝ። ትኩሳት መሰለኝ። አሁን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ምን አይተው ነው? ይንገሩኝ።»

ድመቱ ወንበሩን ወደሷ አዞረ። ሊያስደስታት ፈለገ፤ ስህተቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

«እናትሽ ያን ጠዋት ዓይናቸውን ካንቺ አልነቀሉም» አለ። «የራሳቸውን ጉትቻ አውልቀው ላንቺ አደረጉልሽ። ከዚያ ጉንጭሽን በሁለት እጃቸው ያዙና...»

«እናቴ ጆሮዋ አልተበሳም» አለች ልጂቱ።

ድመቱ ቶሎ ብሎ ቀጠለ። «መስኮቱ ጋ ቆማችሁ፣ ብርሃኑ...»

«እኔ ክፍል መስኮቱ ጋ ቁም ሣጥን ነው ያለው።»

ስምንት መቶ ሰርግ ቀርጿል። ስምንት መቶ እናት ስምንት መቶ ልጅ አልብሳለች፤ ሁሉም ጉንጭ ይይዛሉ፣ ሁሉም መስኮት ጋ ይቆማሉ። የዚህችን እናት ፊት ሊያመጣ ዓይኑን ጨፈነ። የመጣለት ሻሹ ብቻ ነው። ብስኩቱ እንኳ ያን ሰዓት አልመጣለትም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብኛል። ካሜራው ስለሚያይልኝ እኔ አላይም ማለት ነው መሰለኝ።»

ልጂቱ ቦርሳዋን አነሳች። አልተቆጣችም፤ ይህ ይባስ ከበደው። በሩ ጋ ስትደርስ ተነሳ።

«ተቀመጪ። አንድ የማውቀው ነገር አለ። ያየሁት አይደለም፣ የሰማሁት ነው። መስማት አልነበረብኝም።»

ስለ ማይኩ ነገራት። ስለ ማዳመጫው ነገራት። ከዚያ እናቷ በተዘጋው በር ያሉትን ነገራት። አልቀነሰም፣ አልጨመረም።

ልጂቱ አላለቀሰችም። «ቃል በቃል ነው?» አለች።

«ቃል በቃል።»

«ይድገሙልኝ።»

ደገመላት። እንደገና አስደገመችው። ሦስተኛውን ሲጨርስ ከታች ጫማ ሰፊው ሲመታ ይሰማ ነበር።

«ስልኳን አላነሳም ነበር» አለች ልጂቱ። «ከሦስት አንዱን ነው የማነሳው። ‹ደህና ነኝ› ብዬ እዘጋዋለሁ። ጥፋተኛ እንደሆነች እንዲገባት ብዬ።»

ድመቱ «እናትሽ ይረዱሽ ነበር» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የማያውቀውን ሲናገር ገና አሁን ተይዟል። ተወው። እሷም አመስግናው ወጣች፤ ደረጃው ላይ ስትወርድ ኮቴዋ እየቆመ እየቀጠለ ነበር።

በዚያው ዕለት፣ እራት ላይ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰርግ ቤት ነገር ለሚስቱ አወራ። ሚስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ የሰው ነገር እስኪያልቅ ማዳመጥ ታውቅበታለች። ሲጨርስ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«መናገርህስ ደግ ነው» አለችው። «ግን እናትየው የደወሉልህ ዕለት፣ ልጃቸው እንደተቀየመቻቸው ነግረውህ የለም እንዴ?»

«ነግረውኛል።»

«ያኔ ልጂቱን ፈልገህ ብትነግራት ኖሮ አምስት ወር ነበራቸው።»

ይህን አላሰበውም ነበር። ካርዱን በማጥፋቱ ሲቆጭ ነበር የከረመው፤ ካርዱ ከጠፋ በኋላም በእጁ የነበረውን ነገር አልቆጠረውም። ሚስቱ ከዚያ በላይ አልተናገረችውም። ሳህኖቹን አነሳች።

በሳምንቱ ልጂቱ ደወለች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው፣ «‹የቀረኝን ጊዜ› ነው ያለችው፣ ወይስ ‹የቀረንን ጊዜ›?» አለችው። «ብቻዋን ነው ያሰበችው ወይስ ከኔ ጋር?» ድመቱ ቃሉን በጆሮው ውስጥ ሊያሰማ ሞከረ። የቀረኝን። የቀረንን። ደጋግሞ ሲለው ሁለቱም አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። አባትየው «የቀረኝ ስትይ» ብለው ነበር መሰለው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ተሳስተው ሰምተው ሊሆን ይችላል። «‹የቀረኝን› ይመስለኛል» አለ። «መማል ግን አልችልም።» ልጂቱ «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም።

አባትየው የመጡት ወር ሳይሞላ ነው። ያ ሰፊ ደረት ኮት ውስጥ ወርዷል፤ ሸሚዛቸው አንድ ቁልፍ ዘሎ ተቆልፏል። አሁን ተቀመጡ።

«ምን ነገርካት?» አሉ።

«የሰማሁትን።»

«ቤቴን ሁለተኛ አልረግጥም ብላኛለች።» የተናገሩት እንደ ቁጣ ሳይሆን እንደ ዜና ነበር። ድመቱ የሚሰድቡት መስሎት ጠበቀ። ነጋዴው ግን ግድግዳውን ሳይሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሱን አዩት። «እውነት አጥፍተኸዋል?»

«በፊትዎ ነው ያጠፋሁት።»

«የጠፋ ነገር መልሶ የሚያወጣ ባለሙያ አለ ይላሉ። የትም ቢሆን ልላከው።»

«ካርዶቹ ላይ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሰርግ ተቀድቷል። ማንም አያወጣውም።»

ነጋዴው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሚስቴ ፎቶ መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነው ያለኝ» አሉ። «ያ ደግሞ እሷን አይመስልም። ያን ቀን ምን ለብሳ ነበር?»

ድመቱ የሚያምር ልብስ መፍጠር ይችል ነበር። ሰማያዊ ቢል ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ የሚከራከር የለም። «አላስታውስም» አለ። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ቆዩ፤ ሌላ ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ ተነስተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ድመቱ ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ ሚስቱ ናት የጻፈችለት። ማንም ቢያዝ፣ የተቀረጸው ነገር ለሁለት ዓመት አይጠፋም ይላል። ብዙው ሰው ሳያነበው ይፈርማል። ባለፈው ሳምንት አንድ የሆቴል ባለቤት አነበበው። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ፣ «ይሄ ምንድነው? በገዛ ሰርጌ?» አለ። ድመቱ ላስረዳ ብሎ ጀመረና ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። «እንደዚያ ነው የምሠራው» አለ ብቻ። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ መንገድ ማዶ ወዳለው ስቱዲዮ ተሻገረ። ድመቱ ከመስኮቱ ሆኖ ሲሻገር አየው፤ ከዚያም ለእሑዱ ሥራ ባትሪዎቹን ቻርጅ ላይ ሰካ።